ሙዚቃውን አስቤ ሌሊቱን ረሳሁት

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነበር። የድንኳን ዚፕ ከፍቼ እስከ ወገቤ ገብቻለሁ። ከውስጥ አንድ ሰው ብድግ ብሎ “ማነው?” ሲል ነው የራሴ ድንኳን እንዳልሆነ የገባኝ። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። ዙሪያዬን ሳይ ሜዳው በሙሉ ድንኳን ነው፤ ሁሉም አረንጓዴ፣ ሁሉም የኔን ይመስላል። ስልኬ ዘግቷል። ዝናቡ ጀምሯል። ጂንሴ እስከ ጉልበቴ ርሷል።

እዚያው ድንኳን ተክሎ እያደሩ ለሦስት ቀን ሙዚቃ የሚሰማበት ፌስቲቫል ስሄድ የመጀመሪያዬ ነበር።

አልተዘጋጀሁም እንዳልል ለሳምንታት ተዘጋጅቻለሁ። የሚጫወቱትን ባንዶች ሥራ አንድ በአንድ ሰምቻለሁ። በስንት ሰዓት የትኛው መድረክ ጋ እንደምገኝ በደቂቃ ከፋፍዬ ጽፌያለሁ። ምን ለብሼ ፏ እንደምል መስታወት ፊት ቆሜ ሞክሬያለሁ። ድንኳኑን ግን የገዛሁት በዋዜማው ምሽት ነው። ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ ማለት እሱ ነው። ከነማሸጊያው ሻንጣ ውስጥ ወተፍኩት።

በእኔ ቤት ሙዚቃ ልሰማ ነበር የምሄደው። ለካ የምሄደው ሦስት ሌሊት ሜዳ ላይ ላድር ነው። ያልተኛ ሰው በሁለተኛው ቀን የሚወደው ዘፋኝ ፊት ቆሞ ያዛጋል። እኔ አዛግቻለሁ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ የምጠብቀው ባንድ መድረክ ሳይወጣ ዕቃዬን ጠቅልዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

እ.ኤ.አ. በ1969 ዉድስቶክ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ፌስቲቫል ላይ መርሐ ግብሩ ተጓትቶ ዝነኛው ጊታሪስት ጂሚ ሄንድሪክስ መድረክ የወጣው ሰኞ ጠዋት ነበር። ከ400 ሺህ በላይ ይሆናል ከሚባለው ሕዝብ አብዛኛው ያን ጊዜ ሜዳውን ለቆ ሄዷል። ይህን ሳነብ “ሰው እንዴት ሄንድሪክስን ጥሎ ይሄዳል?” እያልኩ እገረም ነበር። ዝናብና ጭቃ ላይ ካደርኩ በኋላ መገረሜን ትቻለሁ።

ወደ ድንኳኔ ልመለስ። ሜዳው ላይ የደረስኩት ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ነው። ሰው ሁሉ ቦታ ቦታውን ይዟል። ከዳገቱ ሥር ግን ለጥ ያለ ባዶ መሬት አገኘሁ። ማንም አልሰፈረበትም። ዕድሌን አመሰገንኩ። ለምን እንዳልሰፈሩበት ያወቅኩት ዝናቡ ሲመጣ ነው፤ ከላይ የሚወርደው ውሃ ሁሉ እኔ ጋ ነው የሚያርፈው።

ካስማዎቹንም ቀጥ አድርጌ ነው የመታኋቸው። ንፋስ ሲመጣ እንደ ጥርስ እየተነቀሉ ወጡ። አጠገቤ የሰፈሩ አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ ባትሪ ይዘው መጡ። ትንሽ አዩኝና “ልጄ፣ እንደዚህ አይደለም” አሉኝ። “አናቱ ከድንኳኑ ይራቅ፣ ጫፉ ወደ ድንኳኑ ይግባ። አጋድመህ ምታው።” ገመዱ ሲወጠር ያጋደለው ካስማ ይበልጥ መሬቱን ይይዛል፤ ቀጥ ያለው ግን ተስቦ ይወጣል። ሦስት ካስማ ጎድሎብኝ ስለነበር ከራሳቸው ሰጡኝ። እማማ እያልኩ ነበር የምጠራቸው፤ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

የሳቸው ካስማ ድንኳኑን አቆመልኝ እንጂ ከውሃው አላዳነኝም። የውጭው ሸራ ላልቶ ከውስጡ ጨርቅ ጋር ተጣብቋል። በሁለቱ መካከል አየር ከሌለ እርጥበቱ በቀጥታ ወደ ውስጥ ይሻገራል። ከታች ጎርፍ፣ ከላይ ጠብታ። ድንኳኔ የአህያ ባል ሆነብኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ዝግጅቱን ከሌሊቱ ጀመርኩ። ባንዶቹ እነማን እንደሆኑ እንኳ ሳላይ አዲስ ድንኳን ገዛሁ። ሸራው ውሃ የመቋቋም አቅሙ በሚሊ ሜትር ይጻፍበታል። ቁጥሩ ጨርቁ ማሳለፍ እስኪጀምር ድረስ ስንት ሚሊ ሜትር ከፍታ ያለው ውሃ እንደሚሸከም ነው የሚነግርህ። 3000 የሚል ያዝኩ። “ለሁለት ሰው” ይላል፤ እሱን አትመኑ። ለሁለት ሰው ማለት ለአንድ ሰውና ለሻንጣው ማለት ነው።

ከፌስቲቫሉ አንድ ወር በፊት ግቢ ውስጥ ተከልኩት። ከዚያ በጎማ ውሃ ለቀቅኩበት። ቤተሰቤ ሙድ ያዙብኝ፤ ይያዙ። አንድ ስፌት ላይ ውሃ ሲያንጠባጥብ አየሁና በማሸጊያ ሙጫ ደፈንኩት። ያን ያየሁት ደረቅ ቤት አጠገቤ እያለ ነው። ልዩነቱ ይሄ ነው።

እዚያው ድንኳን ውስጥም አደርኩ። ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ይህች አንድ ሌሊት ናት። ዓመት ሙሉ ያልገባኝ ነገር ተፈታልኝ። በመጀመሪያው ፌስቲቫል በፓምፕ የሚነፋ ወፍራም ፍራሽ ይዤ ሄጄ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ግን ከጀርባዬ በኩል ተንቀጠቀጥኩ። ብርድ ልብስ ብደርብም ለውጥ አልነበረውም። ግቢ ውስጥም ያው ሆነ። ሌሊት ተነስቼ የስፖርት ምንጣፌን ከሥሩ ባነጥፍ አሁንም በረደኝ። ከላዩ ሳደርገው ግን ሞቀኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአየር በቀር ምንም የሌለበት የሚነፋ ፍራሽ ውስጥ አየሩ ይዘዋወራል፤ ሙቀትህን ወስዶ ለቀዝቃዛው መሬት ያስረክባል። ስሊፒንግ ባጉም (ውስጡ ገብተህ የምትተኛበት ከረጢት) ከሥርህ አይረዳህም። የሚያሞቀው በውስጡ የታመቀው አየር ነው፤ በክብደትህ ስትጫነው አየሩ ይወጣል። ስለዚህ ገንዘብ ካጠረህ ከላይ ከምትለብሰው ይልቅ ከሥር ለምታነጥፈው አውጣ። በዚህ ከማንም ጋር እከራከራለሁ። የሚነፋውን ፍራሽ ለሰው ሰጥቼ ጥቅጥቅ ያለ የስፖንጅ ምንጣፍ ገዛሁ።

ስሊፒንግ ባግ ላይም ብዙ ጊዜ ሁለት የሙቀት ቁጥሮች ይጻፋሉ። አንዱ ተመችቶህ የምትተኛበት ነው። ሌላኛው ተኮራምተህ የምትችለው የመጨረሻው ብርድ ነው። ሻጮች የሚያሳዩህ ሁለተኛውን ነው፤ አንተ የመጀመሪያውን እይ።

ሌላው ልምዴ የሌሊት ልብስ ነው። አንድ ካናቴራ፣ አንድ ሱሪና አንድ ወፍራም ካልሲ ላስቲክ ውስጥ አስሬ አስቀምጣለሁ። ምንም ቢፈጠር ቀን አልለብሳቸውም። ሜዳው ላይ ያለ ልብስ ሁሉ ቢርስ እነሱ ደረቅ ናቸው። ጂንስ ደግሞ ከነጭራሹ ቀረ። ጥጥ ውሃ ይጠጣል፤ ቶሎም አይደርቅም።

ሻንጣውን በተመለከተ ያየሁት ፍዳ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ባለ ጎማ ሻንጣ ነበር የያዝኩት። ጭቃ ላይ ጎማ ምን ይሠራል? ከመኪና ማቆሚያው እስከ ሰፈራው አንድ ሰዓት ሊሞላ ምንም አልቀረውም፤ ሻንጣዬን እንደ ሬሳ አቅፌ ነው የደረስኩት። በር ላይ ደግሞ የጋዝ ምድጃዬንና የጠርሙስ ዕቃዬን ወሰዱብኝ። ሕጉ ትኬቱ ላይ ተጽፏል፤ ያላነበብኩት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ዓመት የተከለከሉትን ዝርዝር ከሁሉ አስቀድሜ አነበብኩ። ከዚያ የምይዘውን ሁሉ ወለል ላይ ዘረጋሁና አንድ ሦስተኛውን መለስኩ። የቀረውን በጀርባ ቦርሳ አዝዬ ሰፈር ውስጥ አንድ ሰዓት ተራመድኩ። ከዚያ መልስ ደግሞ ሌላ ሁለት ነገር አወጣሁ። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ መሆኑን ሁላችንም ተምረናል፤ ትከሻ ላይ ሲሆን ግን እንደ አዲስ ነው የምትማረው። ስለዚህ ባዶ ኮዳ ይዤ ሄጄ እዚያው ቀዳሁ።

ታጣፊ ወንበሬን ግን እምቢ ብዬ ይዤ ሄድኩ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድም ጊዜ አልተቀመጥኩበትም።

ስለ ጆሮ ቁምነገር ላውራ። ከመጀመሪያው ፌስቲቫል መልስ ሁለት ቀን ሙሉ ጆሮዬ ጭው ሲል ሰነበተ። ነገሩ የተለመደ መስሎኝ ናቅኩት። በኋላ ኒዮሽ የተባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት ተቋም ለሠራተኞች ያወጣውን መለኪያ አነበብኩ። ለ85 ዴሲቤል ድምፅ በቀን 8 ሰዓት ይፈቅዳል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ብቻ ይቀራል። ትልልቅ ስፒከሮች ፊት ደግሞ 100 ዴሲቤል ብርቅ አይደለም። እኔ ቀኑን ሙሉ እዚያ ቆሜ ነበር።

አሁን ሁለት ዓይነት የጆሮ መድፈኛ አለኝ። አንዱ ሙዚቀኞች የሚጠቀሙበት ነው፤ ድምፁን ይቀንሳል እንጂ አያደበዝዘውም። ሌላው ለመኝታ የሚሆን ተራ ስፖንጅ ነው። ስፖንጁን በጣትህ ጠቅልለህ አቅጥነው። በሌላኛው እጅህ ጆሮህን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገህ አስገባው፤ እስኪነፋ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያዘው። ዝም ብለህ ከወተፍከው ለጌጥ ነው የሚሆነው። ከጎረቤት ድንኳን ሌሊቱን ሙሉ ጊታር የሚመታ ሰው አይጠፋም። አንድ ዘፈን ብቻ የሚችል ጊታሪስት።

ስልክ ላይ አጭር ልሁን። 10,000 ሚሊ አምፕ ሰዓት የሚል ፓወር ባንክ ያን ሁሉ ለስልክህ አይሰጥም። የውስጡ ባትሪ 3.7 ቮልት ነው፤ ወደ 5 ቮልት ሲቀየርና ሲባክን 6,000 ገደማ ብታገኝ ጥሩ ነው። ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ደግሞ ኔትወርኩ ይጨናነቃል፤ ስልክህ ሲግናል ፍለጋ ባትሪውን ይጨርሳል። እኔ አውሮፕላን ላይ እንዳለሁ ሁሉ ኤርፕሌን ሞድ ላይ አድርጌ ኔትወርኩን አጠፋዋለሁ። ከጓደኛዬ ጋር የተስማማነው በመሣሪያ ሳይሆን በቃል ነው፦ ከተጠፋፋን በየሦስት ሰዓቱ ከውሃ መቅጃው በስተግራ። ሁለት ጊዜ ተጠፋፍተን ሁለቴም ሠርቷል። መልእክት መላክ ካስፈለገህ ሰዓቱን ጨምረህ ጻፍ። “ትልቁ መድረክ ጋ ነኝ” የሚል መልእክት ከሁለት ሰዓት በኋላ ሲደርስ መላ ቅጡ ይጠፋል።

አንድ ነገር ያለ ቀልድ ልናገር። ቢበርድህም ቢዘንብብህም ከሰል ወይም ምድጃ ድንኳን ውስጥ አታስገባ። የጠፋ የሚመስል ፍምም ቢሆን ካርቦን ሞኖክሳይድ ይለቃል። ሽታ የለውም፤ ተኝተህ ሳለህ ይገድላል።

በሁለተኛው ዓመት ሜዳው ላይ የደረስኩት በቀን ነው። ከፍ ያለ፣ ከመጸዳጃው የራቀ፣ ከመተላለፊያውም ገለል ያለ ቦታ መረጥኩ። መተላለፊያ ዳር የሰፈረ ሰው ሌሊቱን ሙሉ በገመዱ እየተደናቀፉ ላዩ ላይ ሲወድቁበት ያድራል። በጭንቅላቴ በኩል ትንሽ ከፍ እንዲል አድርጌ ተከልኩት። አናቱ ላይ ቀይ ጨርቅ አሰርኩ። ዘንድሮ የሰው ቤት አልገባም አልኩ። ሲመሽ ዞር ብዬ ሳይ በአቅራቢያዬ ብቻ አራት ቀይ ጨርቅ ይውለበለባል። ለካ ሁላችንም አምና ተሳስተናል! በማግስቱ የተቀደደ ቢጫ ካልሲ ጨመርኩበት፤ እሱን የሚመስል አልነበረም።

በሁለተኛው ሌሊት ዘነበ። እኔ አልሰማሁም። ጠዋት ጓደኛዬ ነው የነገረኝ። በደቂቃ የተከፋፈለ መርሐ ግብርም አልነበረኝም፤ በቀን የግድ የማየውን ሁለት መርጬ የቀረውን እግሬ ወደመራኝ ነው የሄድኩት። በሦስተኛው ሌሊት የመጨረሻው ባንድ መድረክ ሲወጣ ንቁ ሆኜ ቆሜ ነበር።

ዝናቡ ከመምጣቱ በፊት፣ በዚያው ሁለተኛ ምሽት፣ አንድ ወጣት አጠገቤ ካስማውን ቀጥ አድርጎ ሲመታ አይቼዋለሁ። “ወንድሜ፣ እንደዚህ አይደለም” አልኩት። አጋድሞ እንዲመታ አሳየሁትና ከትርፎቼ አራት ሰጠሁት። ጠዋት ስንነሳ ድንኳኑ አልነበረም፤ ነቅሎ ሄዷል። ካስማዎቹ በድንኳኔ በር ላይ በገመድ ታስረው ተቀምጠዋል።

ቤት ስደርስ ሸራው እንዳይሻግት ገመድ ላይ አሰጣሁት። ካስማዎቹን አጥቤ ቆጠርኩ። የሰጠሁት አራት ነበር፤ የተመለሰልኝ አምስት ነው።