ገመዱ ተነቅሎም የመለሰው ማሽን

ሰኞ ጠዋት ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ የሂሳብ ክፍሏ ኃላፊ በሩ ላይ ያዙኝ።

«ልጄ፣ ያ ማሽንህ ዛሬም አኩርፏል።»

የማተሚያና የኮፒ ማሽኑ የቢሮው ነው። ሲሠራ ማለቴ ነው። ሲበላሽ የኔ ይሆናል። ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር የሚነካካ ሰው ሁሉ ይቺን ሕግ ያውቃታል።

«ምን ሆነ ደግሞ?»

«እኔ ምን አውቄ! ከኮምፒውተሬ ሳዘው ዝም። ወረቀት ሳስቀምጥበት ግን ኮፒ ያደርጋል።»

ይቺ የመጨረሻዋ ነገር ግማሹን ሥራ ሠራችልኝ። ኮፒ ማድረግ ኔትወርክ አይፈልግም። መስታወቱ ላይ ያለውን አንብቦ ወረቀት ላይ ማሳረፍ እዚያው ማሽኑ ሆድ ውስጥ የሚያልቅ ጉዳይ ነው። ስለዚህ ቶነሩም፣ ድራሙም፣ ሮለሩም ጤነኛ ናቸው። የተበላሸው ማሽኑ ከሌላው ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ነው።

እንደማንኛውም ሰው አጥፍቼ አበራሁት። ሠራ። ኮራ ብዬ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ስልክ ተደወለ።

«አኮረፈ።»

እንደገና አጠፋሁ፣ አበራሁ። ሠራ። ትንሽ ቆይቶ አኮረፈ። እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። አላሰብኩም።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ገመዱን ነው። የኔትወርክ ገመድ ውስጡ 8 ቀጫጭን ሽቦ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ምላስ ከተሰበረች በትንሽ ንክኪ ይላቀቃል። የኛዋ ምላስ ደህና ናት። ከማሽኑ ጀርባ አረንጓዴዋ መብራት በርታለች፣ ቢጫዋም ብልጭ ድርግም ትላለች። ያም ሆኖ ገመዱን ቀየርኩ። ገመዶቹ ሁሉ የሚሰበሰቡበት ስዊች ላይም ቀዳዳ ቀየርኩለት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

ቀጥዬ ማሽኑ የራሱን ሴቲንግ እንዲያትም አዘዝኩት። በ169.254 የሚጀምር አድራሻ፣ ማለትም ኔትወርኩ ላይ የሚጠራበት ቁጥር፣ ባይ ደስ ይለኝ ነበር። እሱ ቀላል በሽታ ነው። ማሽኑ አድራሻ የሚሰጠው አጥቶ ለራሱ ቁጥር አወጣ ማለት ነው። የኛ ግን 192.168.1.50 ይላል። ትክክል ነው። ማሽኑ ሲተከል በእጄ ያስገባሁለት ቁጥር ነው፤ ጎኑ ላይ በኔው የእጅ ጽሕፈት ተለጥፏል።

ከላፕቶፔ ፒንግ አደረግኩት፣ «አለህ?» ብሎ እንደመጣራት ነው። መለሰ። ታዲያ ምን ጎደለው? በብሮውዘር የማሽኑን ገጽ ለመክፈት ሞከርኩ፣ እምቢ አለ። ለህትመት የሚከፈተው 9100 ቁጥር ፖርትም ዝግ ነው። «አለሁ» ይላል፣ በር ግን አይከፍትም።

አንድ ሌላ ነገርም ዓይኔ ሥር ነበር። በገመድ የተያያዘ ማሽን እዚያው ቢሮ ውስጥ ሲሆን ፒንግ የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ይሄኛው አንዴ በ80፣ አንዴ በ140፣ አንዴ በ6 ይመልሳል። አየሁት፣ አለፍኩት። «ዛሬ ኔትወርኩ ተጨናንቋል» አልኩ ለራሴ። ሰነፍ ሰው ምክንያት አያጣም።

ከዚያ ኮምፒውተሩ ማሽኑን ወደሚያዝበት ፕሮግራም፣ ወደ ድራይቨር ዞርኩ። ከኃላፊዋ ጎን የሚቀመጠው ልጅ ኮምፒውተር ላይ ድራይቨሩን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ድራይቨር መልሶ መጫን፣ በኔ አስተያየት፣ ግራ የገባው ሰው ሥራ የያዘ እንዲመስል የሚያደርገው ነገር ነው። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ይሄዳል፣ ሰው ያይሃል፣ ትከበራለህ። ሁለት ሰዓት በላኝ። አንድ ወረቀት አልወጣም።

በመሃል ከሌላ ክፍል አንዷ መጣች። «ስካኑም ፎልደር ውስጥ አይገባልኝም» አለች። ይሄ ደግሞ አሮጌ ቁስሌን ነካው። ዊንዶውስ 10 ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ ኤስኤምቢ 1 የሚባለውን የድሮ ፋይል መላላኪያ ከራሱ ጋር መጫን ትቷል። የደኅንነት ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ልክ አደረጉ። ከሱ ሌላ ቋንቋ የማያውቁ አሮጌ ኮፒ ማሽኖች ግን በዚያው ስካናቸው ቀረ። እኔም ያን ጊዜ ሳምንት ሙሉ ተሰቃይቻለሁ። አሁንም እሱ መስሎኝ ግማሽ ሰዓት አቃጠልኩ። አልነበረም።

በመጨረሻ ተናድጄ ሌላ ሦስተኛ ገመድ ይዤ ወደ ማሽኑ ሄድኩ። ላፕቶፔን አጠገቡ አስቀምጬ ፒንጉ ሳያቋርጥ እንዲሄድ ተውኩት። የድሮውን ገመድ ነቀልኩ። አዲሱን ልሰካ ጎንበስ ስል ዓይኔ ስክሪኑ ላይ አረፈ።

ይመልሳል።

ገመዱ እጄ ላይ ነው። ማሽኑ ዋይፋይ የለውም። ስክሪኑ ግን 192.168.1.50 መለሰ፣ መለሰ፣ መለሰ ይላል። እውነቱን ልናገር፣ ጀርባዬን ቀዘቀዘኝ። ቀጥሎ በራሴ ሳቅሁ። ጠዋቱን ሙሉ ሳናግረው የዋልኩት ማሽኑን አልነበረም። ቁጥሩን ሌላ ሰው ይዞታል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮምፒውተር ለማሽኑ ወረቀት ከመላኩ በፊት «50 ቁጥር ማን ነው?» ብሎ ይጣራል። አቤት ያለው ዕቃ የማክ አድራሻውን፣ ማለትም የራሱን መለያ፣ ይሰጠዋል፣ ኮምፒውተሩም ለጊዜው ይዞት ይቆያል። ሁለት ዕቃ አንድ ቁጥር ከያዙ ሁለቱም አቤት ይላሉ። ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ደግሞ «50 እኔ ነኝ!» ብሎ ለሁሉም ያውጃል። ስለዚህ ለጊዜው ወረቀቱ ወደ እሱ ይሄዳል። ከዚያ ያኛው ይቀድመዋል። አጥፍቼ ሳበራው የሚሠራው ለዚህ ነበር። እኔ እንዳዳንኩት ነበር የመሰለኝ።

አርፕ የምትባለዋን ትእዛዝ ጻፍኩና 50 ቁጥር አጠገብ ያለውን የማክ አድራሻ አየሁ። ካተምኩት የሴቲንግ ገጽ ጋር አስተያየሁት። አይገናኙም። የማክ አድራሻ ግማሹ ብዙ ጊዜ አምራቹን ያሳብቃል። የዚህኛው ግን የማንም አይደለም። ሁለተኛዋ ምልክት 6 ናት። እዚያ ቦታ 2፣ 6፣ ኤ ወይም ኢ ካለ አድራሻው ከፋብሪካ የወጣ ሳይሆን እዚያው የተፈጠረ ነው። አዳዲስ ስልኮች ባለቤታቸውን ማንም እንዳይከታተለው ብለው ለየዋይፋዩ እንዲህ ዓይነት አድራሻ ያወጣሉ። ስልክ ሳይሆን አይቀርም። ፒንጉ የተዘበራረቀውም በዋይፋይ ስለሚመልስ ነው።

ለዕቃው ሁሉ አድራሻ የሚያድለውን ራውተር ገጽ ከፈትኩ። አድራሻ የወሰዱት ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ 50 ቁጥር ላይ የስልኩ ስም ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። የሂሳብ ክፍሏ ኃላፊ ስም ነው። ባለፈው ሳምንት ልጃቸው አዲስ ስልክ ገዝታላቸው ለሁላችን እያሳዩ ነበር። ዋይፋዩን ያስገባሁላቸው ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ። ለካ ምሳ ሲወጡ ማሽኑ ያለ ችግር የሚሠራውም ለዚህ ነው!

ጥፋቱ ግን የሳቸው አይደለም። የድሮው ራውተር አድራሻ የሚያድለው ከ100 እስከ 200 ነበር፣ 50 ደግሞ ከዚያ ውጭ ስለሆነ ማንም አይነካውም። ባለፈው ወር ራውተሩን ቀየርኩ። አዲሱ ከ2 እስከ 254 ያለውን ሁሉ ለመጣው ያድላል። ማስተካከሉን ረሳሁት። ማሽኑ ተኝቶ ሳለ ራውተሩ ቁጥሩን ባለቤት የሌለው መስሎት አንስቶ ሰጠ።

የማሽኑን ቁጥር መቀየር ይቻል ነበር። ያን ካደረግኩ ግን 14 ኮምፒውተር መዞር ሊኖርብኝ ነው። አላደረግኩትም። ራውተሩን ከ100 እስከ 200 ብቻ እንዲያድል መለስኩት። ገመዱንም ሰካሁ። ከዚያ ወደ ኃላፊዋ ጠረጴዛ ሄድኩ።

«ስልክዎን አንዴ ይስጡኝ።»

«ስልኬን? እኔ ማሽኑን ሥራ አልኩህ እንጂ!»

«እሱኑ እየሠራሁ ነው።»

እንደ ተጠራጠሩ ሰጡኝ። ዋይፋዩን አጥፍቼ አበራሁት። 117 ያዘ። ስልኩን ስመልስላቸው ማሽኑ ከኮሪደሩ መጨረሻ ማጓራት ጀመረ። አንድ ወረቀት፣ ሁለት፣ አምስት። አላቆመም። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሁሉ እየተናደደ ደጋግሞ ያዘዘው ኮምፒውተሩ ውስጥ ተሰልፎ ነው የዋለው።

ኃላፊዋ ሄደው አነሱት። አንድ ዓይነት ደብዳቤ፣ አሥራ አንድ ጊዜ። የታችኛውን ፊርማ አዩና ቀስ ብለው ከክምሩ ሥር ከተቱት። የራሳቸው ነበር።