ብድር በምድር?

አምና በግንቦት፣ በደብራችን የምስጋና ጉባኤ ላይ የ31 ሰው ስም ተጠርቶ የእኔ ቀረ። ከዚህ ካልጀመርኩ የቀረውን በእውነት ልጽፈው አልችልም።

ዘጠኝ ዓመት ለዓመታዊው ንግሥ ምግብ በማብሰል አገልግያለሁ። በዋዜማው ሽንኩርት ስንልጥ እናመሻለን። ሌሊት ማኅሌት ተቆሞ የከበሮው ድምፅ ሲመጣ እኛ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ድንኳን ውስጥ፣ ወጥ እያማሰልን ነው። የደሴን የሌሊት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከጦሳ ጉሙ ሲወርድ እሳት ዳር ካልተቀመጡ በቀር እጅ አይታዘዝም። ንግሡ አልፎ ሕዝቡ ሲበተን ብረት ድስቱን ፈትገን፣ የተዋስነውን ዕቃ ለየባለቤቱ መልሰን፣ ወገባችንን ይዘን ማታ ቤት እንገባለን።

ስሞቹ ሲነበቡ ሦስተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ፤ እናቴም አጠገቤ። አንድ በአንድ እየወጡ የምስክር ወረቀትና መስታወት የገባ የእመቤታችን ሥዕል ይቀበላሉ፤ እልልታው ይቀልጣል። አገልግሎት ከጀመሩ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ሳይቀሩ ተጠሩ። ዝርዝሩ ሲያልቅ እናቴ ዞር ብላ አላየችኝም፤ ነጠላዋን አስተካከለችና አንገቷን ደፋች። ከሁሉ የበለጠ ያመመኝ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሦስት እሁድ አልሄድኩም። የጠየቀኝን ሁሉ «አሞኝ ነው» አልኩ። በቅያሜው ላይ ውሸት ጨመርኩበት ማለት ነው።

ሥራዬ ንብረት ክፍል ነው። ዕቃ ሲገባ ሞዴል 19፣ ሲወጣ ሞዴል 22 እቆርጣለሁ፤ ያልተመዘገበ ነገር ለእኔ እንደሌለ ይቆጠራል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በልቤም ደረሰኝ ስቆርጥ መኖሬን ያሳዩኝ የንስሐ አባቴ ናቸው። ስነግራቸው አልገሠጹኝም።

«ስምሽ ቢጠራ ኖሮ ምን ትሆኚ ነበር?» አሉኝ።

«ደስ ይለኝ ነበር፣ አባ።»

«ከዚያስ?»

ዝም አልኩ። ማቴዎስ ምዕራፍ 6ን ገለጡና ለሰው ለመታየት ስለሚመጸውቱት የተባለውን አነበቡልኝ፤ «ዋጋቸውን ተቀብለዋል» የሚለውን። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! በኋላ ግን አንድ መምህር፣ በግሪክኛው ወንጌል ላይ ያለው ያ «ተቀብለዋል» የሚለው ቃል የዚያ ዘመን ሰዎች ሒሳብ ተከፍሎ ሲያልቅ ደረሰኝ ላይ የሚያሰፍሩት ቃል መሆኑን ሲያስተምሩ ሰማሁ። ያኔ ቃሉ ከመጽሐፉ ወጥቶ ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ የተቀመጠ መሰለኝ። ደረሰኙ ከተቆረጠ ሒሳቡ ተዘግቷል፤ ተመልሶ የሚጠየቅ ነገር የለም። እኔ ያን ቀን ያለቀስኩት ሒሳቤ አልተዘጋልኝም ብዬ ነበር።

አሁን ስለ እማሆይ ልናገር። ስማቸውን አልጽፍም፤ ቢሰሙ ያዝኑብኛል። ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ ይኖራሉ፤ የመነኮሱት ባላቸው ከሞቱ በኋላ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ሆስፒታል ይሄዳሉ። ከገጠር የመጣ ሕመምተኛ አስታማሚ ከሌለው ምን እንደሚሆን ሆስፒታል ያደረ ሰው አይጠፋውም፤ ውሃ የሚያቀብለው የለም፣ መድኃኒት ከውጭ ይገዛ ሲባል የሚሮጥለት የለም፣ የለበሰውን የሚያጥብለት የለም። እማሆይ ክፍሉ በር ላይ ቆመው ነርሶቹን የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው። «ሰው የሌለው ማነው?»

የሚይዙት አንድ ትልቅ ፔርሙዝ አጥሚት፣ በጨርቅ የተቋጠረ በሶ፣ ሳሙናና የጥፍር መቁረጫ ነው። አጥሚቱ ቅቤም ወተትም የለበትም። «ክርስቲያኑ ጾም ይኖርበታል፤ እስላሙ የእኛን ሥጋ አይበላም፤ በሶ ግን ሁሉን ያስማማል» ይላሉ። ወሎ ያደገ ሰው ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል።

እኔ ኩርፊያ ላይ ሳለሁ አንድ ማክሰኞ በራችንን አንኳኩ። «ነይ ፔርሙዙን ያዥልኝ፤ ጉልበቴ እምቢ አለኝ» አሉ። ምናልባት ነገሩን ሰምተው ይሆናል፤ ጠይቄያቸው አላውቅም። አብሬ ሄድኩ። ያን ቀን እማሆይ የአንድ ሽማግሌ እግር በሳፋ ውሃ ዘፍዝፈው፣ ወደ ሥጋው የታጠፈውን ጥፍር ቀስ እያሉ ሲቆርጡ አየሁ። ሰውየው በሕመም ሳይሆን በሐፍረት ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እማሆይም ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ በሬዎቹ እየጠየቁ አዋሩት። አምስተኛው ጣት ላይ ሲደርሱ ጋቢው ከፊቱ ወርዶ ነበር። ለ500 ሰው ወጥ መሥራት እችላለሁ፤ ያንን ግን አልችልም ነበር።

በዚህ ዓመት በጥቅምት አንድ ሰው ከወረባቦ ዶሮ ታቅፎ መጣ። ሰፈራችንን እየጠየቀ፣ ከሰው ሰው እየተመራ ነው የደረሰው። እኔ ወዲያው አወቅሁት። በክረምት እግሩ ተሰብሮ የተኛው፣ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ። እማሆይ ግን ትክ ብለው አዩት።

«አወቁኝ፣ እማማ?»

«አላወቅሁህም፣ ልጄ።»

«በሶ ያጎረሱኝ እኮ ነኝ! ሸሚዜን ወስደው ያጠቡልኝ!»

«መቼ?»

እማሆይ አላስመሰሉም፤ ጨርሶ ረስተውታል። ሰውየው አልከፋውም። «እርስዎ ቢረሱት አላህ አይረሳውም፤ ኸይር ጀዛዎን ይክፈልዎ» አላቸው። ዶሮዋ በዚያው ምሽት ከማዶ ላለችው አራስ ተላከች።

ያቺ «መቼ?» እንቅልፍ ነሳችኝ። ማቴዎስ 25ን አወጣሁ። ጻድቃኑ በንጉሡ ፊት ቆመው የሚሉትም እሱኑ ነው፤ «ጌታ ሆይ፥ ተርበህ መቼ አይተን አበላንህ?» ብዙ ጊዜ ይህን ትሕትና ነው ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ግን እንደ እማሆይ እውነታቸውን ይመስለኛል፤ ረስተውታል። በግራ የቆሙትም ያንኑ «መቼ?» ይላሉ፤ መቼ አይተን አላገለገልንህም ብለው ይከራከራሉ። እነዚህኞቹ መዝገባቸው ሙሉ እንደሆነ እርግጠኞች ነበሩ። ይህን ሳነብ ሦስተኛው ወንበር ላይ የተቀመጥኩት ሰዓት ትዝ አለኝ፤ ላቤ መጣ።

«ብድር በምድር» ይላል ያገራችን ሰው። ለቅሶ የደረሰ ይደረስለታል፤ ለሠርግ ያገዘ ይታገዛል። ዕድርም የቆመው በዚሁ ነው፤ አልነቅፈውም፣ አባቴን የቀበረልኝ ዕድር ነው። ጌታ ግን በሉቃስ 14 ግብዣ ስታደርግ ወዳጆችህንና ባለጠጎች ጎረቤቶችህን ሳይሆን ድሆችን ጥራ ካለ በኋላ ምክንያቱን ሲሰጥ፣ «የሚመልሱት ብድራት የላቸውምና ብፁዕ ትሆናለህ፤ በጻድቃን ትንሣኤ ይመለስልሃልና» ይላል። አስታማሚ የሌለው ሰው ማለት ይኸው ነው፣ ብድራት የሌለው። እኛስ ለምነን ስናገኝ፣ ተቸግረን ስንረዳ «እግዜር ይስጥልኝ» የምንለው ለምንድን ነው? እኔ የምመልሰው የለኝም፣ እሱ በእኔ ፈንታ ይክፈልህ ማለታችን አይደል? በየቀኑ ከአፋችን የሚወጣው ምስጋና ራሱ ዕዳውን ወደ ሰማይ ያዛውረዋል።

አንዳንድ ሰዎች «ዋጋ አገኛለሁ ብሎ ማገልገል ራስ ወዳድነት ነው፤ እውነተኛ ፍቅር ዋጋ አያስብም» ሲሉ እሰማለሁ። ሲነገር ደስ ይላል። አንድ ዓርብ ከሆስፒታል ስንመለስ እማሆይን ጠየቅኋቸው።

«ዋጋ አገኛለሁ ብለው ያስባሉ?»

«ሳላስብማ በዚህ ጉልበቴ ያን ዳገት እወጣው ነበር?» አሉኝ። ትንሽ ሄድ ብለን ደግሞ፣ «ልጅ እናቱ ከገበያ ስትመለስ ሮጦ የሚቀበላት ለሸንኮራው ነው ወይስ ለእሷ? ለሁለቱም ነው። እሷ ደግሞ አትቀየመውም» አሉ።

ከዚህ የተሻለ መልስ አላገኘሁም። ተስፋውን የሰጠው ራሱ ጌታ ነው። ለአንድ ታናሽ ቀዝቃዛ ውሃ ያጠጣ ዋጋው አይጠፋበትም ያለው እሱ ነው። የዕብራውያን መልእክትም እግዚአብሔር ለቅዱሳን የተደረገውን አገልግሎት «ይረሳ ዘንድ ዓመፀኛ አይደለምና» ይላል። እሱ የማይረሳ ከሆነ እማሆይ ሊረሱት ይችላሉ፤ መዝገቡን የሚይዝላቸው አለ። እኔ ዘጠኝ ዓመት መዝገቡን ራሴ የያዝኩት ይህን ከልቤ ስላላመንኩ ነበር።

ልጅ ሆኜ በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የበላዔ ሰብን ሥዕል እያየሁ እፈራ ነበር። 78 ነፍስ ያጠፋ ሰው፤ በሌላው የሚዛኑ ወገን ደግሞ ለአንድ ለተጠማ ድውይ ስለ እመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውሃ። ጥላዋን ስታሳርፍበት ውሃው መዝኖ ተገኘ። የካቲት 16፣ ለኪዳነ ምሕረት፣ ታሪኩ ሲነበብ አያቴ ሁልጊዜ ታለቅስ ነበር። ያኔ የገረመኝ የሟቾቹ ብዛት ነበር። ዛሬ የሚገርመኝ ያ ውሃ ሳይፈስ መጠበቁ ነው።

የወይኑ ቦታ ሠራተኞች ምሳሌም አለ፤ ማቴዎስ 20። ከማለዳ ጀምሮ ሲለፋ የዋለውና በአሥራ አንደኛው ሰዓት የገባው እኩል አንድ አንድ ዲናር ተከፈላቸው። ማለዳ የገቡት አጉረመረሙ። እነዚያ ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ሲጠሩ እኔም ያጉረመረምኩት እንደ እነሱ ነው። ባለቤቱ «እኔ መልካም ስለ ሆንሁ ዓይንህ ምቀኛ ናትን?» ይላል። ለዚህ መልስ የለኝም። ልጆቹን ግን አሁን በየስማቸው እየጠራሁ አጎርሳቸዋለሁ።

ወደ ግሸን ስሄድ ሁልጊዜ የማስባቸው ክብርት ዶክተር አበበች ጎበናን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ወደዚህ ወደ እኛ አገር መጡ፤ ረኃብ ነበር። መንገድ ላይ የሞተች እናቷን ጡት የምትጠባ ሕፃን አገኙ። ሁለት ልጆች ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ በዓመቱ 21 ሆኑ። በዚህ ምክንያት ትዳራቸውን አጡ፣ ከቤታቸው ወጡ፤ ቆሎ እየሸጡ አሳደጓቸው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ሲያርፉ አገር አለቀሰላቸው፤ ሽልማቱም ብዙ ነበር። እኔ ግን የማስበው ሽልማት ያልነበረባቸውን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ነው። ያን ጊዜ የሚያያቸው አንድ ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ግን ኅሊናዬ አያርፍም። «ዋጋችሁ በሰማይ ነው» የሚለው ቃል አንዳንዴ ከማይገባው አፍ ይወጣል። አንድ የቤተ ክርስቲያን ጥበቃ የሦስት ወር ደመወዙ ሲዘገይበት ይህ ሲነገረው ሰምቻለሁ። ሰውየው ልጆች አሉት። ያዕቆብ ምዕራፍ 5 ላይ የተያዘው የሠራተኛ ደመወዝ ወደ እግዚአብሔር ይጮኻል ይላል፤ ሰማይን የዕዳ መሸሸጊያ ማድረግ ኃጢአት ነው። ምስጋናም እንዲሁ። ቅዱስ ጳውሎስ ሮሜ 16 ላይ ከፌቤን ጀምሮ የደከሙትን በየስማቸው እየጠራ ሰላምታ ይልካል። አመስጋኝ መሆን የእኛ ፈንታ ነው፤ ምስጋና ሳይመጣ ሲቀር አለመታመም ደግሞ የአገልጋዩ። እኔ ሁለተኛውን ገና እየተማርኩ ነው፤ ከወረባቦ የመጣውን ሰው ወዲያው ያወቅሁት እኮ ቆጥሬ ስለያዝኩት ነው።

ባለፈው ማክሰኞ እማሆይ ከአልጋ መነሳት አቃታቸው፤ ጉልበታቸው አብጦ ነበር። ፔርሙዙን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። በር ላይ ቆሜ «ሰው የሌለው ማነው?» ስል ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ነርሷ ወደ ጥግ አመለከተችኝ። አንድ አዛውንት ናቸው፤ ትከሻቸውን ደግፌ አጥሚቱን በኩባያ አጠጣኋቸው። ሲጨርሱ አፋቸውን በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁላቸው።

«የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ።

ስሜን ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «እማሆይ ልከውኝ ነው» አልኳቸው።

«የትኛዋ እማሆይ?»

«ጎረቤታችን ናቸው። ዛሬ አሟቸው ነው።»

«እግዜር ይማራቸው» አሉና ኩባያውን መልሰው ዘረጉልኝ። «ከአጥሚቱ ተርፎ ይሆን?»