ጨጓራ፣ ጭንቀትና ያቺ የህመም ማስታገሻ

ፒያሳም ሆነ ሜክሲኮ፣ ደረቱ ሥር የሚያቃጥለው ሰው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «አትጨነቅ፣ ጨጓራህን የላጠው ጭንቀት ነው»። ግማሹ እውነት ነው።

የቁስለት ዋና መነሻዎች ሁለት ናቸው፦ ኤች ፓይሎሪ የተባለው ባክቴሪያ፣ እንዲሁም እንደ ዲክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌንና አስፕሪን ያሉ ማስታገሻዎች። ባክቴሪያውን ያገኙት አውስትራሊያውያን ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸልመዋል። ከእነሱ በፊት ሐኪሙም ጭምር ጥፋቱን በጭንቀትና በቅመም ላይ ይጥል ነበር።

ጭንቀትን ጨርሶ ነፃ ማውጣት ግን አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1995 የጃፓኗን ኮቤ ከመታው ርዕደ መሬት በኋላ የሚደማ ቁስለት የያዛቸው ሰዎች በርክተው ነበር። የተጨነቀ ሰው አሲዱ ሁልጊዜ አይጨምርም፤ የሆድ ዕቃው ነርቮች ስለሚነቁ ግን ያው የወትሮው አሲድ አብዝቶ ያቃጥለዋል። ምግብም ከጨጓራው ቶሎ አይወርድም፤ መነፋቱና ማቅለሽለሹ ከዚህ ነው።

ከሁሉ የከፋ የሚመስለኝ ጭንቀቱ የሚያመጣው ልማድ ነው። ቁርስ የለም፣ በባዶ ሆድ ማኪያቶ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል ሲጋራ፣ ራስ ሲፈልጥ ዲክሎፌናክ። ዲክሎፌናክ የጨጓራን ግድግዳ ከአሲድ የሚጋርደውን ንፍጥ ያሳሳል፤ በመርፌ ቢወሰድም ጉዳቱ በደም በኩል መድረሱ አይቀርም። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል ይሻላል።

የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል ብዙ ሰው የሚውጠው ሲያቃጥለው ወይም ከበላ በኋላ ነው። ሰዓቱ ከቁርስ 30 ደቂቃ በፊት ነው፤ ለጿሚ ደግሞ ከመጀመሪያው ማዕድ በፊት። ለባክቴሪያው የሰገራ ምርመራ ከታሰበ ከ2 ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሐኪም አማክሮ ኦሜፕራዞሉን ማቆም ያስፈልጋል፤ ካልሆነ ባክቴሪያው እያለ «የለም» የሚል ውጤት ሊመጣ ይችላል። የደም ምርመራውን ብዙም አልወደውም፤ ድሮ የዳነውንም «አለ» ይላል። ባክቴሪያው ከተገኘ ሁለት አንቲባዮቲክ ከኦሜፕራዞል ጋር፣ በአብዛኛው ለ14 ቀን ይታዘዛል። ቀለል ሲል ማቋረጥ ባክቴሪያውን ከመድኃኒቱ ጋር ማላመድ ነው። ካለቀ ከ4 ሳምንት በኋላ መጥፋቱ በምርመራ ይረጋገጥ።

ወተት? ለጊዜው ያበርዳል፣ ኋላ ራሱ አሲድ ያስመነጫል። ከምግብ በፊት ለ5 ደቂቃ ያህል 4 ቆጥሮ አየር ማስገባት፣ 6 ቆጥሮ ማስወጣት ነርቮቹን ያረጋጋል፤ ቁስለት ግን አያድንም።

ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ወይም ትውከቱ ደም አሊያም የቡና አተላ ከመሰለ፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው። ለደም ማነስ የሚሰጠው የአይረን ክኒንም ሰገራ ያጠቁራል፤ የሚወስድ ሰው ይህን ለሐኪሙ ይንገር።