ሁለተኛው ዕንቁላል

ሦስት ሳምንት ሆነው፤ እስካሁን ልተኛ ዓይኔን ስጨፍን ያቺ ዕንቁላል ትመጣብኛለች።

ነገሩ የጀመረው ከቲቪው ሥር ካለው ካርቶን ነው። 63 ዲቪዲ። ሰርግ፣ መልስ፣ ክርስትና፣ ምርቃት፣ የአያቴ ተዝካር ሳይቀር። ማጫወቻው ከሞተ ቆይቷል፤ ላፕቶፔ ደግሞ ዲስክ የሚጎርስበት አፍ የለውም። በዩኤስቢ የሚሰካ ማንበቢያ ገዛሁና፣ ሁሉንም ወደ ፋይል ቀይሬ በዋይፋይ ቲቪው ላይ በሪሞት ብቻ እንደማሳያቸው ለቤተሰቡ አወጅኩ።

መከራዬን ያኔ ለማንም አላወራሁም፤ አሁን ላውራ። አንዱ ዲስክ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሌሊት 8 ሰዓት በአላርም እየተነሳሁ፣ ጡጦ እንደሚሰጥ አባት ዲስክ ቀይሬያለሁ። የተጫጫረውን በጥርስ ሳሙና አሽቻለሁ። 97 በመቶ ላይ መብራት ሄዶብኛል (ላፕቶፑ ባትሪ አለው አትበሉኝ፤ ለጌጥ ነው)። ያ ሁሉ አልፎ ፋይሎቹ ቲቪው ላይ ሲወጡ፣ የሚያጫውታቸው ፕሮግራም ስማቸውን እያየ ከኢንተርኔት ፖስተር ይለጥፍላቸዋል፤ ለአያቴ ተዝካር ሽጉጥ የደገነ ፈረንጅ አመጣላት።

እንዳለቀ ካርቶኑ አስጠላኝ። ቅዳሜ ጠዋት "ቆራሌው!" ሲል ሰማሁና የተበላሸውን ምድጃ ሸጥኩለት፤ ዲቪዲዎቹን ምራቂ ሰጠሁት። ምራቂ!

እህቴ የተዳረችው በጥር 2002 ነው። 15ኛ ዓመቷን ምክንያት አድርገን ቤተሰቡን ጠራን፤ የባሏ እናት እማማም መጡና ሶፋው መሀል ተቀመጡ። ሪሞቱን እንደ መቋሚያ ከፍ አድርጌ "ሰርግ 2002" የሚለውን ከፈትኩ።

ጎመን። የመጀመሪያው ምስል ጎመን ነው። ቀጥሎ የቡፌ ሰልፍ።

"ተክሊሉስ?" አለች እህቴ። አሳለፍኩት፤ ሰልፍ። ደግሞ አሳለፍኩት፤ ክትፎ። 51 ደቂቃ ምሳ ብቻ! ሙሽራው የለ፣ ሙሽሪት የለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ የቬሏ ጫፍ በቀይ ወጡ በኩል እልም አለ።

በኋላ ነው የገባኝ። የሰርግ ዲቪዲ ውስጡ አንድ ፊልም አይደለም፤ ኤዲተሩ ተክሊሉን፣ ብሔረ ጽጌ የተነሱትን፣ ምሳውን፣ ኬኩን ለየብቻ ነው ያስቀመጠው። እኔ ደግሞ ዲስኩን ወደ ፋይል የሚቀይረውን ፕሮግራም "ዋናውን ፊልም ብቻ ውሰድ" ብዬዋለሁ፤ ዋና ማለት ለእሱ ረጅሙ ነው። ለሲኒማ ፊልም ልክ ነው። የእኛ ሰርግ ላይ ግን ከምሳ የሚረዝም ምን አለ? ፋይሎቹን ሳጣራም መክፈቻቸውን 10 ሰከንድ እያየሁ "ይሠራል" እያልኩ ነው 63ቱንም ያሳለፍኩት። ክርስትናው ላይ ሕፃኑ እንደሌለ ያወቅነው በማግስቱ ነው።

የሰርግ ካሜራማኖችንስ ምን በድለናቸው ነው? ሰው አራት ሰዓት ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ ጸጉሩን አበጥሮ ሲቀመጥ የሉም። ሊጎርስ አፉን ሲከፍት ያንን መብራት ይዘው ከተፍ! ጉንጭህ ተወጥሮ "እጅህን አውለብልብ" ይሉሃል። ለተጨማሪ ኮፒ ደግሞ ያስከፍላሉ።

እንግዲህ በ33ኛው ደቂቃ እኔ ብቅ አልኩ። ሽበት የለኝም፣ የታላቅ ወንድሜን ኮት ለብሻለሁ፣ ሳህኑ ሁለተኛዬ ነው። ዶሮ ወጡ ጋ ደረስኩ፤ አንድ ዕንቁላል አወጣሁ። ግራ ቀኝ አየሁ። ሁለተኛውን አወጣሁና የእንጀራዬን ጫፍ ገልጬ ከሥሩ ቀበርኩት፤ ቀብሬም አልቀረሁ፣ በመዳፌ ጠቅ ጠቅ አደረግኩለት። ካሜራው ቀረበ። በ720 በ576 የተቀረጸ ምስል 55 ኢንች ላይ ሲለጠጥ የሰው ፊት ይደበዝዛል፤ የሙሽራው ወንድም ከአጎቴ አይለይም። ዕንቁላል ግን ምኑ ይደበዝዛል? ሳሎኑን ሞላው። እንጀራው ላይ ያበጠው ጉብታ ራስ ዳሸንን አከለ፤ ደመና ብቻ ነው የቀረው።

በሁለቱ ቤተሰብ መሀል 15 ዓመት ያልተፈታ ክርክር አለ፦ በሰርጉ ቀን የሽማግሌዎቹ ገበታ ላይ ዕንቁላል ጎድሏል። የእነሱ ወገን "ሰስተው ነው" ይላል፤ የእኛ ወገን "ወጥ ሠሪዋ ናት" ይላል። ምስኪኗ ወጥ ሠሪ ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ተጠርታ አታውቅም።

እማማ መነጽራቸውን አደረጉ።

"እስቲ መልሰው።"

መለስኩት።

"አቁመው።"

አቆምኩት። ለወትሮው የሚንቀራፈፈው ዋይፋይ ያን ቀን እንደ ወታደር ታዘዘ።

"ሁለት" አሉ፣ ጣታቸውን እያሳዩ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ባሏ ሳቁን ሊውጥ ብሎ ቡናው ትን አለው። እህቴ ግን ነገሯ ሌላ ነበር፤ "ዲስኩን አምጣልኝ፣ ተክሊሌን ልይ" አለች። ምራቂውን ያኔ ተናገርኩ።

ሌላ ኮፒ አንደኛው ሚዜ ጋ አለ ይባላል፤ ሚዜው ደግሞ ዲሲ ነው። የእህቴ ልጅ የፋይሉን ስም "ዕንቁላሉ" ብሎ ቀይሮታል፤ ፕሮግራሙ ወዲያው ፖስተር አገኘለት፤ ጫጩት። ሌሊት 8 ሰዓት ስለመነሳቴ እስካሁን የጠየቀኝ ሰው የለም።

ባለፈው እሁድ እማማ ቤት ተጋበዝን። ዶሮ ወጡን በእጃቸው አወጡልኝ፤ አንድ ብልት፣ አንድ ዕንቁላል። "ብላ ልጄ" አሉና፣ ልጎርስ ስል ጎንበስ ብለው የእንጀራዬን ጫፍ ገለጥ አድርገው አዩ።