«ጋዙ አልቋል» ለሚሏችሁ የኤሲ ባለሙያዎች የምትጠይቋቸው

የኤሲ ጋዝ እንደ መኪና ነዳጅ እየተቃጠለ አያልቅም፤ በተዘጋ የመዳብ ቱቦ ውስጥ አንዴ ፈሳሽ፣ አንዴ ትነት እየሆነ ይዞራል። ስለዚህ ከጎደለ የሾለከበት ቦታ አለ። ይህን ቀላል ነገር ቀድሞ የነገረኝ ሰው ባለመኖሩ፣ በየበጋው ለጋዝ መሙያ የከፈልሁት ገንዘብ ዛሬም ያንገበግበኛል።

የሒሳብ ሥራ ቢሮዬ ያለው ባሕር ዳር፣ ከጣና ዳርቻ ብዙ ሳይርቅ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከሰዓት በኋላ፣ ኮምፒውተርና ማተሚያ በተደረደረበት ክፍል ያለ ኤሲ መሥራት ይከብዳል። ቀላሎቹን ችግሮች ራሴ ፈታኋቸው፤ ውኃ ሲያንጠባጥብ የተደፈነውን የፍሳሽ ቱቦ አጸዳሁ፣ ሪሞቱ እምቢ ሲል ባትሪ ቀየርሁ። የመመሪያው መጽሐፍ ማጣሪያው በየሁለት ሳምንቱ ይታጠብ ይላል፤ እኔ ግን በበጋ በየሳምንቱ አጥበዋለሁ። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ አየሩ ከባሕር ጠረፍ አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ በዚህ ላይ ማጣሪያውን አቧራና ከሐይቁ በመብራት የሚሳቡ ትንኞች ሲደፍኑት ማሽኑ የሚያቀዘቅዘው አየር ያጥረዋል።

ያስመረረኝ ግን በረዶው ነበር። ማጣሪያው ንጹሕ ሆኖ ሳለ የኤሲው የውስጥ ክፍል በረዶ ይሠራ፣ ቢሮውም ይሞቅ ጀመር። የጠራሁት ባለሙያ ጌጁን (የጋዝ ግፊት መለኪያውን) አስሮ «እህቴ፣ ጋዙ አልቋል» አለኝ፤ ሞላ፣ ሒሳቡን ተቀበለ፣ ሄደ። በቀጣዩ በጋ ያው ችግር ተመለሰ። ማሽኑን የሸጡልኝ ሰዎች ጋዝ በየዓመቱ መሙላት የተለመደ ጥገና እንደሆነ አስረግጠው ነገሩኝ፤ ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። ሌላ ባለሙያ ደግሞ ገና የኤሲውን የውጭ ክፍል ክዳን ሳይከፍት ኮምፕረሰሩ፣ ማለትም ጋዙን እየጨመቀ የሚያዞረው ሞተር፣ ይቀየር አለ። አንዳቸውም ጋዙ የት እንደሚሄድ አልጠየቁም።

ቀዳዳውን ያገኘሁት የውጭውን ክፍል ሳጸዳ ነው። ወፍራሙ ቱቦ በነት በሚታሰርበት ቦታ ላይ ጥቁር፣ ቅባታም አቧራ ተለጥፎ ነበር። የኮምፕረሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ ጋዝ ሲሾልክ ዘይቱ እዚያው ይቀርና አቧራ ይይዛል። ማሽኑን አጥፍቼ የሳሙና አረፋ ቀባሁት፤ አረፋው እየተነፋ ኳስ ሠራ። አንድ ትልቅ የመጠጥ ብርጭቆ ሳሙና ከእነዚያ ሁሉ ጉብኝቶች የበለጠ ነገረኝ።

ከዚያም ቀጣዩን ባለሙያ አላስተነፈስሁትም። ነቱን አጥብቆ ለመሄድ ሲነሳ ሥራው እንዳላለቀ ነገርሁት፤ ሲፈታው የቱቦው አፍ ተሰንጥቆ ተገኘ። የተሰነጠቀውን ቆርጦ አፉን በአዲስ መልክ አስፍቶ አሰረው። በቱቦው የገባውን አየር በጋዙ ገፍቶ ለማስወጣት ሲሞክርም ከለከልሁት፤ እርጥበት ውስጥ ከቀረ ከዘይቱ ጋር ተዋሕዶ ኮምፕረሰሩን የሚበላ አሲድ ይሆናልና አየሩንና እርጥበቱን ከቱቦው መጥጦ የሚያወጣ ቫኪዩም ፓምፕ ተከራይቶ እንዲመጣ አደረግሁ። የማሽኔ ጋዝ አር410ኤ ነው፤ ሁለት ጋዞች ተቀላቅለው የተሠራ ስለሆነ ከሲሊንደሩ በፈሳሽነቱ ወጥቶ፣ በማሽኑ ላይ በተለጠፈው ጽሑፍ ልክ በሚዛን ተመዝኖ ይሞላል። በጌጅ ግምት ብቻ መሙላት አይበቃም።

አሁን ባለሙያ ከመጥራቴ በፊት በስልክ «ቫኪዩም ፓምፕና ሚዛን አለህ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ የለኝም ካለ ዋጋው ምንም ቢረክስ አላስመጣውም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣም ግፊቱ እንዲስተካከል አምስት ደቂቃ ቆይቼ አበራለሁ፤ ማሽኑ እያጓራ አልነሳም ካለ፣ ኮምፕረሰር ቀይሩ ከሚሉኝ በፊት ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳውን ርካሽ የኤሌክትሪክ ዕቃ፣ ካፓሲተሩን፣ እንዲለኩ አደርጋለሁ።