ስልኬ ሆን ብሎ ሲሸነፍልኝ

ዛሬ ደሴ ጉም በጉም ሆና ዋለች። ፒያሳ ቡና ይዤ ከስልኬ ጋር ቼዝ ገጠምኩ፤ ደረጃውን ዝቅ አድርጌ። አሥር እርምጃ እንደ ሻምፒዮን ተጫወተና ድንገት ንግሥቱን ወታደሬ አፍ ላይ አስቀመጠልኝ። በነጻ! ሰው እንዲህ አይሳሳትም። ታናሽ ወንድሜ ሲሳሳት ምክንያት አለው፤ ለማጥቃት ሲጣደፍ ጥግ ላይ የቆመውን ፈረሴን ይረሳል።

ብዙ የቼዝ ፕሮግራሞች ግን ደረጃቸው ዝቅ ሲል ጥሩውን እርምጃ አይተው፣ አልፎ አልፎ በዕጣ መጥፎውን ያነሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ማያ የተባለው የቼዝ ፕሮግራም ይለያል። ሊቼስ በተባለው የኢንተርኔት ቼዝ መጫወቻ ላይ ሰዎች የተጫወቷቸውን ሚሊዮኖች ጨዋታዎች ተምሮ፣ ከ1100 እስከ 1900 የችሎታ ነጥብ ያለው ሰው ምን እንደሚያንቀሳቅስ ይገምታል። ስህተቱን ጭምር።

«የኔ ዓለም፣ ቶናው ደርሷል፤ አሁንም ከስልክ ጋር ትጣላለህ?» አሉኝ ቡና የሚያፈሉት እናት።