ከጥሬ ገንዘብ ያራቀን ምንድን ነው?

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ሲወረድ፣ በምሳ ቤቱ ባንኮኒ፣ በመድኃኒት ቤቱ መስኮት፣ በመጽሐፍ አዟሪው ካርቶን ላይ ሳይቀር የባንክ ሒሳብ ቁጥር ተለጥፎ ይታያል። ደንበኛው ከፍሎ ስልኩን ያሳያል፤ ሻጩም የማረጋገጫው መልእክት በራሱ ስልክ እስኪገባለት ጠብቆ ዕቃውን ያስረክባል። ሰዎች ይህን መንገድ ለምን እንደመረጡ ሲጠየቁ ብዙ ጊዜ የሚሰጡት መልስ ፍጥነቱን የሚያነሣ ነው። እኔ ግን ዋናው ምክንያት ፍጥነት አይመስለኝም፤ ኔትወርክ በሚጨናነቅበት ሰዓት የመቶ ብር ኖት አውጥቶ መስጠት ከስልኩ ይቀድማልና። ሰውን ከጥሬ ገንዘብ ያራቀው፣ ብሩ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ አብሮት የሚመጣው ንትርክ ነው ብዬ አምናለሁ።

ዝርዝር የማጣት ጣጣ ለማንም የከተማችን ነዋሪ አዲስ አይደለም። ለአርባ ሰባት ብር ሒሳብ ሁለት መቶ ብር ያወጣ ሰው ወይ መልሱን በማስቲካ ይቀበላል፣ ወይ ዝርዝር ፍለጋ የተላከውን ልጅ ቆሞ ይጠብቃል። ጠርዙ ተቀዶ በፕላስተር የተለጠፈ ብርም ሰጪንና ተቀባይን ያጨቃጭቃል። በስልክ ሲከፈል ግን አርባ ሰባት ብር አርባ ሰባት ብር ነው።

ከዚህም በላይ የምሰጠው ዋጋ ለማስረጃው ነው። የቤት ኪራይ በእጅ ይከፈል በነበረበት ጊዜ አከራይን ደረሰኝ መጠየቅ አለማመን ተደርጎ ስለሚቆጠር፣ ተከራዩ አፍሮ ዝም ይላል፤ ከወራት በኋላ "የጥር አልተከፈለኝም" የሚል ነገር ሲነሣ ደግሞ የሚያቀርበው ምስክር የለውም። አሁን ቀኑና መጠኑ በሁለቱም ስልክ ላይ ስለሚቀር፣ ማንም ማንንም ሳያስቀይም መተማመን ይቻላል። የዕቁብ ሰብሳቢዎችም ብር ቋጥረው በምሽት ከመጓዝ ስጋት ተገላግለዋል።

ነገሩ ሥር የያዘው በ2013 ዓ.ም. ይመስለኛል። በዚያ ዓመት መስከረም የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው የ200 ብር ኖት ሲጨመር፣ ገንዘቡን ቤቱ ያኖረ ሁሉ ወደ ባንክ መሄድ ግድ ሆነበት፤ በግንቦት ደግሞ ቴሌብር ሥራ ጀመረ። በ*127# በኩል ያለ ኢንተርኔት መሥራቱ ተራ ስልክ የያዘውንም ሰው አቀፈ። የባንክ ካርድ ከዚያ በፊት ብዙ ዘመን ቢኖረንም፣ አብዛኞቻችን የተጠቀምንበት ከኤቲኤም ብር ለማውጣት ስለነበር ከጥሬ ገንዘብ አላላቀቀንም። ትልቁ ኖታችን 200 ብር በመሆኑም 60,000 ብር የሚያወጣ ዕቃ የሚገዛ ሰው 300 ኖት መቁጠርና ማስቆጠር አለበት፤ ዋጋ በናረ ቁጥር ይህ ሸክም ይከብዳል።

እናቶቻችን በመቀነታቸው ቋጥረው የሚያኖሯት ገንዘብ ከማንም ዐይን የተሰወረች፣ ለክፉ ቀን የምትደርስ ነበረች። ማስረጃ ተመዝግቦ መቀመጡን የማደንቀውን ያህል፣ እንዲህ ያለው የግል ምስጢር ቦታ እንዲያጣ አልፈልግም። የስልኩን የምስጢር ቁጥር ለልጇ ወይም ለጎረቤቷ ነግራ የምታስከፍል እናት ገንዘቧን በሌላ ሰው እጅ እንዳኖረች ይቆጠራል፤ ስለዚህ ልጆች ለእናቶቻቸው ከመክፈል ይልቅ አከፋፈሉን ታግሠው ቢያስተምሯቸው እመርጣለሁ።

በ2015 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የነዳጅ ክፍያ በዲጂታል መንገድ ብቻ እንዲሆን ሲደረግ፣ በዚያ ዘርፍ ምርጫ የነበረው ግዴታ ሆነ። ለነዳጅ ይህ ይሁን ልበል፤ መድኃኒት ቤትና ጤና ጣቢያ ግን ጥሬ ገንዘብ መቀበላቸውን ፈጽሞ ሊተዉ አይገባም። ኔትወርክ በተቋረጠበት ሌሊት ለታመመ ልጁ መድኃኒት ፍለጋ የወጣ አባት፣ ብሩን በእጁ ይዞ ያለ መድኃኒት እንዲመለስ የሚያደርግ አሠራር አልቀበልም።